ውሃ ያልነበረበት መንገድ፦ የኦሶንግ አደጋ በክረምት አሽከርካሪ ዓይን

ሐምሌ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 2023)፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በደቡብ ኮሪያ በቾንግጁ ከተማ ሥር ባለችው ኦሶንግ ጉንግፕዮንግ ቁጥር 2 የሚባል የመሬት ውስጥ መንገድ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በውሃ ተሞላ። 17 ተሽከርካሪዎች ሰጠሙ፤ 14 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ የሚበዙት በአንድ የሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍረው ነበር።

ጉዳዩን ለመምረጥ ምክንያት የሆነኝ የሟቾቹ ቁጥር ብቻ አይደለም። በክረምት ስለሚደርስ የመኪና አደጋ ሲወራ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቶሎ ይገኛል፦ ሹፌሩ ፈጥኖ ነበር፣ ጎማው አልቆ ነበር፣ ወይም ጎርፍ እያየ "እሻገረዋለሁ" ብሎ ገባ። እዚህ ግን አሽከርካሪዎቹ የገቡት ክፍት መንገድ ላይ ነው። መግቢያው ላይ የተዘረጋ ማገጃ፣ እጁን ዘርግቶ የቆመ ፖሊስ፣ ተመለሱ የሚል ምልክት አልነበረም። በመደበኛው የጥንቃቄ መለኪያ ብንሄድ ብዙዎቹ ያጠፉት ነገር የለም። ስለዚህ ትምህርቱ የሚገኘው ከተለመደው ምክር ውጭ ነው።

የተለመደውን ምክር ግን ሳልነካው አላልፍም፤ ትክክል ነውና። ዝናብ ሲጥል ከፊት ካለው መኪና የሚኖር ርቀት መጨመር አለበት፤ ፍጥነት መቀነስ አለበት፤ መብራት በቀንም ይበራል። የጎማ ጥርስ ውሃውን ወደ ጎን ማስወጣት ካልቻለ ጎማው ከአስፋልቱ ተነሥቶ በውሃው ላይ ይንሸራተታል፤ በዚያች ቅጽበት መሪም ፍሬንም ለጊዜው ጌጥ ናቸው። ብዙ አገሮች የሚፈቅዱት ዝቅተኛው የጎማ ጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለክረምት ግን ያ ልክ ጎማው ያረጀበት እንጂ አገልግሎት የሚሰጥበት አይመስለኝም። መኪናው መንሸራተት ከጀመረ ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ፍሬን አለመደብደብ። ይኸው ነው። በኦሶንግ ግን የገደለው ይህ አልነበረም።

ቦታውና ወንዙ

ወሩ ኮሪያውያን ጃንግማ የሚሉት የዝናብ ወቅት ነበር። በአብዛኛው ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ገብቶ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይዘልቃል። በዚያ ዓመት ማዕከላዊውን የአገሪቱን ክፍል ለቀናት ያለ ዕረፍት ደበደበው፤ ተራራ ተናደ፣ ወንዞች ከአቅማቸው በላይ ሞሉ፣ በመላ አገሪቱ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የመሬት ውስጥ መንገዱ ለአገልግሎት የበቃው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ማለትም አደጋው ሲደርስ ገና አዲስ የሚባል ነበር። ባለ አራት መስመር ሲሆን ጠቅላላ ርዝመቱ 685 ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ጣሪያ ያለው፣ ዋሻ ልንለው የምንችለው ክፍል 430 ሜትር ይሆናል። የቀረው ከሁለቱም ወገን ወደ ታች የሚያወርድና ወደ ላይ የሚያወጣ ተዳፋት ነው። መሀሉ ዝቅ ያለ መንገድ ሁሉ አንድ ጠባይ አለው፦ ውሃ ከየትም ይምጣ፣ አንዴ ከገባ የሚወጣበት የራሱ መንገድ የለውም። ወይ በፓምፕ ይወጣል ወይ ይከማቻል።

ከመንገዱ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቆ ሚሆ የሚባል ወንዝ ያልፋል። ወንዙን በክረምት የሚይዘው ዳሩን ተከትሎ የተሠራው ክትር ነው። በአቅራቢያው ድልድይ እየተገነባ ስለነበር ነባሩ ክትር በአንድ ቦታ ተቆርጦ ነበር፤ በምትኩ ጊዜያዊ የአፈር ክትር ተሠርቶ ክረምቱ በዚያው ገባ። ወንዙ ከሞላ የመንገዱ ወለል ከውሃው ወለል በታች ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው ለጊዜው ተብሎ የተቆለለ አፈር ብቻ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አሽከርካሪው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የመሬት ውስጥ መንገዶች የውሃ ማስወጫ የሚሠራላቸው በላያቸው ለሚወርደው ዝናብ ነው። ይህኛው አራት ፓምፖች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው በደቂቃ ሦስት ቶን ያወጣሉ። አራቱም ሲሠሩ በደቂቃ 12 ቶን። ለዝናብ በቂ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀን ወደ ውስጥ የገባው ውሃ ግን 60,000 ቶን ያህል እንደሚሆን የተገመተ ሲሆን የገባውም በሁለትና ሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው ተብሏል። ፓምፖቹ ሳይበላሹ ቢሠሩ እንኳ ያንን ለማውጣት ከሦስት ቀን በላይ ይፈጅባቸው ነበር። ይባስ ብሎ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ራሱ በውሃ ተዋጠና ቆሙ።

ከንጋት እስከ ጠዋት

የጎርፍ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ለሚሆ ወንዝ የመጀመሪያውን ማሳሰቢያ ያወጣው በዋዜማው ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ10 (ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ወደ ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ አሳደገው። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወንዙ አሳሳቢ ከሚባለው ከፍታ ስለደረሰ መሥሪያ ቤቱ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ስልክ ደውሎ ነዋሪ እንዲነሣ፣ መንገድ እንዲዘጋ አሳሰበ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃና ከ1 ሰዓት ከ58 ላይ ለፖሊስ የድንገተኛ ስልክ ተደወለ፤ በሁለተኛው ጥሪ የመሬት ውስጥ መንገዱ እንዲዘጋ ተጠይቆ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክትሩ ድረስ ሄደው ውሃው ሲፈስ አይተው ለከተማው አስተዳደር አሳወቁ። መንገዱ ግን እንደ ተከፈተ ነው።

ውሃው በጊዜያዊው ክትር ላይ መፍሰስ የጀመረው 1 ሰዓት ከ50 ገደማ ነው። 2 ሰዓት ከ9 ላይ ክትሩ ተናደ። 2 ሰዓት ከ27 ላይ ውሃው ወደ መሬት ውስጥ መንገዱ መግባት ጀመረ። 2 ሰዓት ከ40 ገደማ ሁሉም ነገር አበቃ።

እነዚህን ቁጥሮች ደግመው ያንብቧቸው። ከክትሩ መናድ እስከ ውሃው መድረስ 18 ደቂቃ አለ። ክትሩ ላይ ውሃ መፍሰስ ከጀመረበት ከቆጠርን ከግማሽ ሰዓት ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪና ገብቶ ይወጣል። 2 ሰዓት ከ20 ላይ ያለፈ ሹፌር ምንም አላየም፤ ምናልባት ስለ አደጋው የሰማው ከሰዓት በኋላ በዜና ነው። እሱና ከሩብ ሰዓት በኋላ የገባው ሰው በጥንቃቄያቸው አይለያዩም።

ለምን አልተዘጋም? መንገዱን የሚያስተዳድረው ክፍለ ሀገሩ በወቅቱ የሰጠው መልስ መመሪያው የሚለው ልክ አልተሟላም የሚል ነበር። መመሪያው መንገዱ የሚዘጋው በዋሻው መሀል የተጠራቀመው ውሃ 50 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው ይላል። በካሜራ ሲታይ ደግሞ መሀሉ ላይ የተጠራቀመ ውሃ አልነበረም። ይህን መልስ የሰጠ ሰው ዋሽቷል ማለት አልችልም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። መመሪያው የሚለካው የደረሰውን ውሃ ነው እንጂ የሚመጣውን አይደለም።

የ50 ሴንቲ ሜትሩ ነገር

እስቲ ይህን ቁጥር በመኪና ላይ አድርገን እንየው፤ በማንኛውም ጎርፍ ፊት ለሚቆም አሽከርካሪ ይጠቅመዋል።

1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን አነስተኛ የቤት መኪና እንውሰድ። የወለሉ ስፋት ከስድስት እስከ ሰባት ካሬ ሜትር ይሆናል። ውሃው የመኪናውን ወለል ከነካ በኋላ በእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ከ600 እስከ 700 ኪሎ ግራም የሚሆን ክብደት ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ከወለሉ በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጎማዎቹ አስፋልቱን መጫናቸውን ያቆማሉ። ወለሉ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው ብንል፣ ውሃው ከመሬት 35 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ማለት ነው። ውሃ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ መኪናው ቆይቶ ይሰምጣል፤ ነገር ግን ከመስመጡ በፊት ይንሳፈፋል፣ በተንሳፈፈበት ጊዜም የሚሄደው ውሃው ወደ ወሰደው ነው። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለሕዝብ የሚሰጠው ልክም ከዚህ አይርቅም፦ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሚፈስ ውሃ ብዙ መኪኖችን ያነሣል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ከፍ ያሉትንና ፒክአፕ የሚባሉትንም ጨምሮ አብዛኛውን ይወስዳል።

ስለዚህ የ50 ሴንቲ ሜትሩ መመሪያ የቤት መኪናዎች ከተንሳፈፉ በኋላ መንገድ የሚዘጋ መመሪያ ነበር። ከአደጋው በኋላ ልኩ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ መደረጉ የስሌቱን ስህተት ከእኔ በተሻለ ይናገራል።

ከፍ ያለ መኪና ያላቸው ሰዎች እዚህ ላይ የሚሉት አለ፤ "የእኔ ይሻገራል" ይላሉ። አዎ፣ ወለሉ ከፍ ስላለ መንሳፈፍ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። ነገር ግን የሞተሩ አየር መሳቢያ ከየት ቁመት ላይ እንዳለ የሚያውቁት ስንቶቹ ናቸው? ውሃ በአየር መሳቢያው ገብቶ ሲሊንደር ውስጥ ከደረሰ ፒስተኑ እንደ አየር ሊጨምቀው አይችልም። ሞተሩ በአንድ ምት ይቆማል፣ የውስጥ ብረቱም ይጣመማል። በውሃ ውስጥ የጠፋን ሞተር ደጋግሞ ለማስነሣት መሞከር ጉዳቱን ከማባባስ በቀር ሌላ የሚፈይደው ነገር የለም፤ የባሰው ደግሞ ለመውጣት የነበረውን ጊዜ መብላቱ ነው።

በዋሻው ውስጥ

አውቶቡሱ በዚያ መንገድ መሄድ አልነበረበትም። ዘወትር የሚሄድበት መንገድ በጎርፍ ምክንያት ስለተዘጋ ዞሮ ነው በዚህ የገባው። ከጉዳዩ ሁሉ ለአሽከርካሪ የሚጠቅም አንድ ነገር ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። አንድ መንገድ በጎርፍ ሲዘጋ የእሱ ተጓዥ በሙሉ ወደ ተለዋጩ ይጎርፋል፤ ተለዋጩ መንገድ ግን በዚያው ዝናብ፣ በዚያው ወንዝ ዳር፣ ብዙ ጊዜም ከዋናው በታች ባለ መሬት ላይ ነው። ዋናው መንገድ መዘጋቱ የሚነግረን ውሃው ወደዚህ አካባቢ መድረሱን ነው። እኛ ግን "ይኼ ተዘግቷል፤ እንግዲያው ያኛው ደህና ነው" ብለን እንተረጉመዋለን። የስልክ ካርታም የሚያስበው እንደዚሁ ነው፤ አጭሩን መንገድ ያውቃል፣ የወንዙን ከፍታ አያውቅም።

ሌላው ከፊት የሚሄድ ትልቅ መኪና ነው። አውቶቡስ ሲገባ ያየ ሰው ልቡ ይረጋጋል፤ ሹፌሩ መንገዱን በየቀኑ የሚመላለስበት ይመስለዋል። ያ ሹፌር ግን ያን ጠዋት በዚያ መንገድ የሄደው ሌላው ስለተዘጋበት ነው።

ውሃው ሲመጣ አውቶቡሱ ተዳፋቱን መውጣት አቃተው። ሹፌሩ ተሳፋሪዎቹን መስኮት ሰብረው እንዲወጡ ይነግራቸውና ይረዳቸው እንደነበር ተዘግቧል፤ እሱም ከሟቾቹ አንዱ ነው። ከኋላው የነበረ የከባድ ጭነት መኪና ሹፌር አውቶቡሱን በመኪናው ገፍቶ ሊያወጣው ሞከረ። አልሆነለትም፤ የእሱም ሞተር ጠፋ። ከዚያ መስኮቱን ሰብሮ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ የጎን መስታወቱን ይዛ የተንጠለጠለች ሴት ጎትቶ አነሣ፣ ውሃ የሚወስዳቸው ሁለት ሰዎችንም ያዘ። ሌሎች በሕይወት የወጡት ጣሪያው ላይ የተዘረጋውን የመብራትና የሽቦ መስመር እየያዙ፣ በውሃውና በጣሪያው መካከል በቀረችው ክፍተት እየተነፈሱ ነው። ወደ መግቢያው ቅርብ የነበሩ አንዳንዶች ደግሞ መኪናቸውን አዙረው በመጡበት መስመር ወጡ። በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ይቀጡ ነበር።

በሕይወት የተረፉትን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ ብዬ ብናገር ዕድልን መርሳት ይሆንብኛል። ቢሆንም ከተነገሩት ታሪኮች ውስጥ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ በመጠበቅ ዳንኩ ያለ ሰው አላገኘሁም።

ስለ በሩም እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው በር ከታች ጫፉ ጀምሮ 60 ሴንቲ ሜትር ውሃ ከውጭ ሲገፋው፣ ውስጡ ገና ደረቅ ከሆነ፣ የሚጫነው ኃይል ወደ 180 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ቁጭ ያለ ሰው በትከሻው የሚያሸንፈው ነገር አይደለም። ውሃው በሩ ጋ ደርሶ ጉልበት ሳያገኝ ከተከፈተ ይከፈታል፤ ካለፈ በሩን መተው ነው። መስኮት ግን የውሃው ጫፍ እሱ ጋ እስኪደርስ ድረስ እንዲህ አይጫነውም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስኮትም ውሃ ገባ ተብሎ ወዲያውኑ አይሞትም፤ ለጥቂት ጊዜ ይታዘዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ስልክ ማንሣት ሳይሆን መስኮት ማውረድ ነው። ቀበቶ መፍታት፣ መስኮት ማውረድ፣ ልጆችን ማስቀደም፣ መውጣት። የስልኩ ነገር ጣሪያው ላይ ሆኖም ይደረሳል።

መስኮቱ ካልወረደ መስበር ነው። የፊት መስታወት በሁለት ንብርብር መካከል ፕላስቲክ ያለው ስለሆነ ቢሰነጠቅም አይበተንም፤ ጊዜ አይባከንበትም። የጎን መስታወት በሹል ብረት ማዕዘኑ አካባቢ ሲመታ ይበተናል። ነገር ግን በአዳዲስ መኪኖች የጎኑም እንደ ፊቱ ንብርብር ያለው እየሆነ መጥቷል፤ ያንን የመስኮት መስበሪያ መዶሻዎች አይሰብሩትም። የራስን መኪና መስታወት ዓይነት ለማወቅ መስታወቱ ማዕዘን ላይ የታተመውን ጽሑፍ ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የትኛው መስኮት እንደሚሰበር በደረቅ ቀን ማወቅ ይሻላል። መዶሻውም ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ሳይሆን ከመቀመጫው እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ዤንግዡ ላይ የሆነው

ከኦሶንግ ሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2021፣ በቻይና ዤንግዡ ከተማ በአንድ ሰዓት ብቻ 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። ጂንግጓንግ የሚባለው የከተማው ዋሻ መንገድ ተጥለቀለቀ፤ በይፋ እንደተገለጸው 247 ተሽከርካሪዎች ሰጠሙ፣ ስድስት ሰዎች ሞቱ። በኦሶንግ 17 ተሽከርካሪዎችና 14 ሟቾች፤ በዤንግዡ 247 ተሽከርካሪዎችና ስድስት ሟቾች። አንድን የሞት ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ደስ አይልም፤ ልዩነቱ ግን ብዙ ይነግረናል።

ዋናው ምክንያት ጊዜ ነው። በዤንግዡ ውሃው የወረደው ከሰማይ ስለነበር ከወንዝ ሰብሮ እንደ መጣው አልፈጠነም፤ መኪኖቹም በትራፊክ መጨናነቅ ቆመው ነበር። ውሃው ከፍ እያለ ሲመጣ ሰዎች መኪናቸውን ትተው በእግራቸው ወጡ፤ ከመኪና ወደ መኪና እየሄዱ መስኮት የሚያንኳኩ፣ "ውጡ" የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ያ ጊዜ ባይገኝ ኖሮ ቁጥሩ የት ይደርስ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ጊዜው ተገኝቶም መኪና ትቶ ለመሄድ የሚያቅማማ ሰው ግን አይጠፋም። ገንዘብ ነው፣ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል፣ ውስጡ ዕቃ አለ። በዚያችው በኮሪያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በፖሃንግ ከተማ ሰባት ሰዎች የሞቱት ከመኖሪያ ሕንጻ ሥር ካለ ማቆሚያ መኪናቸውን ከጎርፍ ሊያወጡ ወርደው ነው።

ከዤንግዡ የሚወሰድ ሌላም አለ። ዋሻ ወይም ዝቅ ያለ መንገድ ውስጥ የቆመ የመኪና ሰልፍ ከታየ፣ ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ለራስ መኪና የሚበቃ ቦታ በወዲያኛው በኩል ሳይገኝ አለመግባት። ከኋላ ያለው ጡሩንባ ይነፋል፤ ይንፋ። አፉ ላይ የቆመ መኪና መዞር ይችላል፤ መሀል ላይ የቆመ መኪና ከፊትም ከኋላም ታጥሯል። ዝቅ ካለ መንገድ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ መዞሪያ የት እንደሆነች ማወቅ በክረምት ከፍጥነት መለኪያው የበለጠ ይጠቅማል።

አንድ አሽከርካሪ ከመኪናው ወንበር ላይ ሆኖ ክትር መናዱን ሊያውቅ አይችልም። ሊያያቸው የሚችላቸው ነገሮች ግን አሉ። ወንዙን በድልድይ ሲያልፍ ውሃው ከድልድዩ ሥር ምን ያህል ክፍተት እንደቀረው ይታያል። ለቀናት ሳያቋርጥ የዘነበ መሆኑን ያውቃል። ሌላ መንገድ መዘጋቱን ሰምቷል። በሬዲዮ ወይም በስልክ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። በአስፋልቱ ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ጭቃማ ሆኖ፣ ገለባና እንጨት ይዞ ከመጣ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከማሳ ወይም ከወንዝ ሰብሮ የመጣ ነው። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ብዙ አይናገር ይሆናል። ሁለቱ ሲገጥሙ በላዩ ድልድይና ከፍ ያለ መሬት ያለውን ረጅሙን መንገድ መምረጥ፣ ወይም መኪናውን ከፍታ ላይ አቁሞ መጠበቅ ፍርሃት አይደለም። ማርፈድ ይኖራል።

ከዚያ በኋላ

ጠላቂዎችና የነፍስ አድን ሠራተኞች ውሃው በፓምፕ እየተቀነሰ ፍለጋውን ቀጠሉ፤ አሥራ አራተኛው አስከሬን የተገኘው ሰኞ ማታ ነው።

የኮሪያ መንግሥት ያካሄደው ማጣራት ያገኘው ነገር አንድ ትልቅ ጥፋት ሳይሆን የብዙ ትናንሽ ዝምታዎች ሰንሰለት ነበር። የድልድዩን ግንባታ የሚመራው መሥሪያ ቤት፣ ክፍለ ሀገሩ፣ ከተማው፣ ፖሊስና የእሳት አደጋ መከላከያው ሁሉም ከፊል መረጃው ነበራቸው። እያንዳንዱ ለሌላው አስተላልፏል ወይም ሌላው ያውቃል ብሏል። ፖሊስ ወደዚህ ዋሻ ሳይሄድ ለጥሪው ሄድኩ ብሎ መዝግቦ ነበር። ማስጠንቀቂያው ከሌሊት ጀምሮ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር አድሮ መንገዱ መግቢያ ላይ የሚቆም አንድ ሰው ሳያገኝ ነጋ።

ይህ የመጀመሪያው ቢሆን አንድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 በቡሳን ከተማ ቾርያንግ በሚባል ቦታ ያለ የመሬት ውስጥ መንገድ በዝናብ ተሞልቶ ሦስት ሰዎች ሞተው ነበር፤ ያኔም የተነሣው ጥያቄ መንገዱ ለምን ቀድሞ አልተዘጋም የሚል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጉንግፕዮንግ ቁጥር 2 መግቢያው ላይ ውሃ ሲመጣ በራሱ የሚወርድ ማገጃ አልነበረውም። ማገጃው የተተከለው ከ14 ሰዎች በኋላ ነው።

ፍርድ ቤት መጀመሪያ የደረሰው የክትሩ ጉዳይ ነው። የግንባታው የሥራ ቦታ ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2024 የቾንግጁ ፍርድ ቤት ሰባት ዓመት ከመንፈቅ እስራት ፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ ስድስት ዓመት ዝቅ ብሎ በ2025 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ጸንቷል። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱም ተፈርዶበታል። መንገዱን መዝጋት የነበረባቸው ባለሥልጣናት ጉዳይ የተያዘው በተናጠል ነው።